ጋሽ ማስረጃ እና የአልጋ ብረቱ ድልድይ

ዳቦ ቤት የሌለው ሰፈር አይቻለሁ። መብራት የሌለው፣ አስፋልት የሌለው፣ ድንበሩ የት እንደሆነ ነዋሪው ራሱ የማያውቀው ሰፈርም አይቻለሁ። አራሚ የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። «ባለፈው ማክሰኞ ምን ሆነ መሰላችሁ» ብላችሁ ወሬ ስትጀምሩ «ሰኞ ነበር» የሚል፣ ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደሆነ ለመስማት ግድ የሌለው አንድ ሰው በየሰፈሩ አለ። እናንተም ሰፈር አለ። ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ራሳችሁ ሳትሆኑ አትቀሩም።

የእኛ ሰፈር አራሚ ክቡር ጋሽ ማስረጃ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስታውሱት ግን ባለቤታቸውና የጡረታ ቢሮው ብቻ ናቸው። ማንም ምንም ቢላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው «ማስረጃ አለህ?» ይላሉ። «ጋሼ፣ ዛሬ ይዘንባል» ሲባሉ፣ ማስረጃ አለህ? «ጋሼ፣ ከስተዋል» ሲባሉ፣ ማስረጃ አለህ? አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪሟ «ይሄ ጥርስዎ መነቀል አለበት» ብትላቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ጠየቋት ይባላል። ለዚህኛው እኔም ማስረጃ የለኝም።

ሥራቸውም ለዚህ የተመቸ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆነው በየበሩ ዞረዋል። በሩ ተቆልፎ ባለቤቱ ሲጠፋ ሌሎቹ አንባቢዎች ያለፈውን ወር ቁጥር አይተው፣ ደብተራቸው ላይ «ግምት» ብለው ሞልተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ጋሽ ማስረጃ ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልገመቱም። በማግስቱ ይመለሳሉ። በማግስቱ ማግስትም ይመለሳሉ። ከውሻው ጋር ተግባብተው፣ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀው፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብበው አንድ ጊዜ ይጽፋሉ። ከአፋቸው ስድብ ወጥቶ አያውቅም፤ በጣም ያናደዳቸውን ነገር «ይሄ ግምት ነው» ይሉታል። ከሳቸው አፍ ይህን መስማት ከስድብ ይብሳል።

ጡረታ ሲወጡ ሌላ ከተማ የምትሠራው ፋርማሲስት ልጃቸው ኮምፒውተር ገዛችላቸው። እንዳይደብራቸው ብላ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ገጽ እንዳለ ደረሱበት። ገጹ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ስህተት። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ እዚህ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ማንም ሰው ገብቶ መጻፍ ይችላል፣ ማንም ሰው ገብቶ የተጻፈውን መሰረዝ ይችላል። አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ እዚያው ነበርኩ ማለት አይቆጠርም። የጻፍከው ነገር ከየት እንደመጣ ታትሞ የወጣ ጽሑፍ መጥቀስ አለብህ። ሕጉ ለጋሽ ማስረጃ ተብሎ የወጣ ነው የሚመስለው። ዛሬ ገጹ ሰባ ሁለት አንቀጽ ሆኗል፤ የጎርፍ መውረጃ ቦዮቻችን ርዝመት ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል።

የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ፌርማታ አርባ እርምጃ ወደ ታች ሲዛወር ሰፈሩ በአንድ ጠዋት አወቀው። ገጹ ግን ሁለት ወር ፈጀበት፤ የታተመ ነገር አልነበረማ። ጋሽ ማስረጃ አውቶቡስ ድርጅቱ ድረስ ሄደው ማስታወቂያ አውጡ አሏቸው። «አባባ፣ ሰዉ እኮ አውቆታል» አለቻቸው ጸሐፊዋ። «ሰፈሩ አውቆታል፤ ዓለም አላወቀም» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። በስምንተኛው ቀጠሯቸው ማስታወቂያው ወጣ። የወጣው ለተሳፋሪው ሳይሆን እሳቸው ከቢሮው እንዲወጡ ነው ይላሉ የሚያውቁ።

የፀጉር አስተካካያችን ጉዳይ ደግሞ አለ። እጁ የተባረከ ነው፤ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። አንድ ቀን ማንነቱን የደበቀ ሰው ገጹ ላይ «ሰፈሩ በተለይ የሚታወቀው ወደር በሌለው ፀጉር አስተካካዩ ነው» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ማስረጃ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሰረዙት። ተመልሶ ተጻፈ። ሰረዙት። «በዓለም የታወቀ» የሚል ተጨምሮበት መጣ። «ውድ ጸሐፊ፣ ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን፤ እባክዎ የታተመ ማስረጃ ያቅርቡ» የሚል መልእክት ተዉ። ሦስት ቀን እንዲህ ሲጻጻፉ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ጋሽ ማስረጃ ጢማቸውን ሊላጩ ሄዱ፤ እኔም ተራዬን እየጠበቅኩ አግዳሚው ላይ ነበርኩ። አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ አሳርፎ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ያ ኢንተርኔት ላይ እየገባ የሚሰርዘው ሰውዬ ማን ይሆን?»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ።

«ታዲያ ውሸት ነው? ጎበዝ አይደለሁም?»

«ጎበዝ ነህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ጋ ነው የምላጨው።»

«እሺ ለምን ሰረዙት?»

«ማስረጃ አለህ?»

ምላጩ ለአፍታ ባለበት ቀረ። እኔም ከአግዳሚው ብድግ አልኩ። ከዚያ አስተካካዩ ሳቁ አመለጠውና ጭንቅላቱን እየነቀነቀ መላጨቱን ቀጠለ። ገጹ ላይ ግን እስከዛሬ ስሙ የለም።

እስካሁን የሳቅነው በሰው ነው። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ሰፈራችንን አንድ ጅረት ከሁለት ይከፍለዋል። በበጋ ሕፃን ልጅ ይሻገረዋል፤ በክረምት ግን ሲሞላ መኪና ይወስዳል። በላዩ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የእግረኛ ድልድይ አለ። ከስምንት ዓመት በፊት ጋዜጣው ለዚህ ዓምድ የሚሆን ጽሑፍ ሲያጣድፈኝ ማዘጋጃ ቤቱ የበተነውን የሥራ መግለጫ አገላበጥኩ። እዚያ ላይ ድልድዩ ከተሠሩት ሥራዎች ተርታ ተዘርዝሯል። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ «ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ባለሙያዎች የገነባው ውብ ድልድይ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ድልድዩ ከቤቴ የስድስት ደቂቃ መንገድ ነው። ወርጄ አላየሁትም።

አምና ሰፈራችንን በካርታ እንኳ አይቶት የማያውቅ፣ ስሙ «ተጠቃሚ 4471» ብቻ የሆነ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ገጹ ላይ አስገባው። ከግርጌው ማስረጃ ጠቀሰ። ማስረጃው እኔ ነኝ። ጋሽ ማስረጃ ወዲያው ሰረዙትና «ይህ ስህተት ነው፤ ድልድዩን ያሠሩት የሰፈሩ አዋላጅ ናቸው» ብለው ጻፉ። ተጠቃሚ 4471 የኔን ዓረፍተ ነገር መልሶ አስገባና አንድ ጥያቄ ተወላቸው።

«ማስረጃ አለዎት?»

ባለቤታቸው እንደነገሩኝ ያን ማታ ኮምፒውተሩን በጊዜ አጠፉት። ሕጉን ያውቁታል።

በማግስቱ በሬን አንኳኩ። «አንተ የጻፍከው ግምት ነው» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ጋዜጣህ ላይ አርመው።» እኔም ጸሐፊ ነኝና ስህተቴን ማመን ሞት መስሎ ታየኝ። ጊዜው አልፏል አልኩ፤ አዘጋጁ አይፈቅድም አልኩ፤ ማን ያስታውሰዋል አልኩ። በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ በየሳምንቱ አዲስ ሰበብ አገኛለሁ። ዳቦ ቤት ሲገቡ ካየኋቸው ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ እስከመደበቅ ደርሼ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ምስክር ነው።

አንድ ከሰዓት ግን የመጡት በሌላ ፊት ነው። ጃንጥላቸውን በሩ ጥግ አቁመው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«የእማማ አዋላጅ የልጅ ልጅ የቤት ሥራ ተሰጣት» አሉ። «ስለምትኖሪበት ሰፈር ጻፊ ተባለች። ድልድዩን አያቴ ናት ያሠራችው ብላ ጻፈች። አስተማሪው ስልኩ ላይ ገጹን አየና በቀይ ሰረዘባት።»

«ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች።»

«ቤት ሄዳ "አያቴ፣ ለምን ዋሸሽኝ?" አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ እማማ በድልድዩ አይሻገሩም። በዚያ ጉልበታቸው በታች በኩል በዋናው መንገድ ዞረው ነው ገበያ የሚሄዱት። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፣ ሦስት ቀን።»

አፈርኩ። ካፈርኩ ደግሞ አፌ መላ ቅጡ ይጠፋዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ እውነቱን ካወቁ ዝም ብለው ይጻፉት! አንድ የሌለ መጽሐፍ ይጥቀሱ። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ» አሉና ተነሥተው ወጡ። ጃንጥላቸውን ረሱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ ሲያነቡ አንድ እርሳስ ያልጣሉ ሰው ናቸው።

ጃንጥላውን ይዤ በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ቤታቸው ከድልድዩ ማዶ፣ ጅረቱ አፋፍ ላይ ነው። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው።

«ግባ፣ ግባ ልጄ። እሱ የለም። ስለ ድልድዩ ወረቀት ካላገኘሁ ብሎ ማዘጋጃ ቤት ሰው ሊያስመርር ሄዷል።» ሻይ ቀዱልኝና ከፊቴ ተቀመጡ። «እኔን ግን የሚገርመኝ፣ ይህን ሁሉ ስትባባሉ አንዳችሁም እኔን አትጠይቁኝም። ያማጥኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ሻዩን አስቀመጥኩት።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ድልድይ ሳይኖር፣ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት ምጥ ያዛቸው። ጋሽ ማስረጃ አዋላጇን ለመጥራት ሲወጡ ጅረቱ ሞልቷል። አዋላጇ የሚኖሩት ማዶ ነው፤ ጩኸቱን ሰምተው ቦርሳቸውን ይዘው እስከ አፋፉ ወርደዋል፣ መሻገር ግን አልቻሉም። ስለዚህ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ከወንዝ ማዶ እየጮሁ አዋለዱ። ጋሽ ማስረጃ ከመስኮቱ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ።

«"ምጡ በየስንት ደቂቃ ነው?" ትለዋለች ከማዶ» አሉኝ ባለቤታቸው፣ ዓይናቸው እየሳቀ። «ማንም ባል ቢሆን "ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ" ይላል። የኔው ጉድ ደብተር አውጥቶ ያነብላታል! እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ እሱ ይጽፋል።»

ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አመጡ። የውሃ ቆጣሪ ንባብ ደብተር ነው። የደንበኛ ስም በሚለው ቦታ «ባለቤቴ» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ፦ 6 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ፣ 3 ደቂቃ። «የበፊት ንባብ» በሚለው ሳጥን ውስጥ 2። «የአሁን ንባብ» በሚለው 3። በመጨረሻ አስተያየት በሚለው መስመር ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሴት። ደህና። ድልድይ ያስፈልጋል።»

ያች ሴት ኮምፒውተር የገዛችላቸው ፋርማሲስቷ ናት።

ደብተሩን እንደያዝኩ በሩ ተከፈተና ጋሽ ማስረጃ ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አንድ ትሑት ሠራተኛ መዝገብ ቤቱን ግማሽ ቀን በርብሮላቸው ስለ ድልድዩ አንዲት ወረቀት እንኳ አጣ። ከዚያ «ግድ የለም አባቴ፣ መረጃው አለን» ብሎ ስልኩን ከፈተና ራሳቸው ኮማ በኮማ ያረሙትን ገጽ አነበበላቸው። የኔ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ «ይኸው፣ እኛ ነን የሠራነው» አላቸው። እኔ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ገጹ ከኔ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከገጹ! ሦስታችንም ማስረጃ ነበረን፤ አንዳችንም ድልድዩን አላየንም።

«ጋሼ፣ ይህን ደብተር ለምን አላሳዩኝም?»

ደብተሩን እጄ ላይ ሲያዩ ባለቤታቸውን በቁጣ ገረመሟቸው፤ እሳቸው ግን ሻይ መቅዳቱን ቀጠሉ።

«የግል ማስታወሻ ነው። አልታተመም። በዚያ ላይ የራሴ ልጅ ናት፤ ሰው በራሱ ቤት ጉዳይ አይጽፍም፣ ሕጉ ነው። ያዳላል።»

«ያዳሉ ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። «አዎ» አሉ። «በጣም።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን እማማ አዋላጅ ዘንድ ሄድን፤ ትምህርት ተዘግቶ ቤት የነበረችውን የልጅ ልጃቸውንም አስከትለን ወደ ድልድዩ ወረድን። እማማ መጀመሪያ እግራቸውን ጎተቱ። «ተዉት እናንተ ልጆች፣ ድልድዩ እንደሆነ ቆሟል፤ ማን ሠራው ቢባል ምን ይጨምርለታል?» እያሉ ነበር። ጋሽ ማስረጃ ሜትራቸውን ዘርግተው አንዱን ጫፍ ለልጅቷ አስያዟት። እኔም ያን ከጻፍኩ ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድልድዩን ልብ ብዬ አየሁት። ሁልጊዜ የእጅ መደገፊያ የሚመስለኝ ነገር የብረት አልጋ ራስጌ ነው። አንዱ ክብ ክብ፣ አንዱ በአበባ ቅርጽ የተጠማዘዘ፣ ሁሉም በአረንጓዴ ቀለም ተድበስብሶ። እማማ ከያንዳንዱ ቤት አንዳንድ እየለመኑ አምጥተው በበያጅ ያስበየዱት ነው።

እማማ ሦስተኛው ራስጌ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ። «መጀመሪያ የራስሽን ስጪ አሉኝ፣ ሰጠሁ። ዓመት ሙሉ ፍራሼን መሬት ላይ ዘርግቼ ተኛሁ።»

ልጅቷ ሜትሩን ለቀቀችው። አያቷን ቀና ብላ አየቻቸውና ወገባቸውን አቀፈቻቸው። ጋሽ ማስረጃ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ለረጅም ጊዜ ወደ ጅረቱ ሲያዩ ቆዩ። እኔም አፍንጫዬን እያበስኩ ስለነበር አልጠየቅኋቸውም።

እንግዲህ ይታተም። የሰፈራችንን የእግረኛ ድልድይ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ያሠሩት የሰፈሩ አዋላጅ ናቸው። ርዝመቱ አሥራ ሦስት ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ጊዜ ተለክቷል። መደገፊያው ነዋሪዎች የሰጧቸው አሥራ አንድ የአልጋ ራስጌዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የአዋላጇ የራሳቸው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ከአራት ዓመት በኋላ መጥቶ ቀለም ቀብቶታል፤ ለቀለሙ እናመሰግናለን። ከስምንት ዓመት በፊት በዚሁ ዓምድ የጻፍኩት ስህተት ነው። ግምት ነበር።

ጋሽ ማስረጃ ይህን ገጹ ላይ የሚያስገቡት ራሳቸው አይደሉም፤ የቤታቸው ጉዳይ ነዋ። ጋዜጣውን ለተጠቃሚ 4471 ልከውለት እሱ እንዲወስን ይተዉታል።

ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት እንዲያዩት ሰጠኋቸው። በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው መለሱልኝ። የጥርስ ሐኪሟን ወሬ «አልሆነም» ብለው ሰርዘውታል፤ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ግን አላወጣሁትም። በሁለት ቦታ ቀን አርመዋል። መጨረሻው ላይ ግን «እንዲህ ያለ ደግ ሰው በሰፈራችን የለም» ብዬ ስለሳቸው የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አልሰረዙትም። ከጎኑ ብቻ በዚያ ቁጥር በለመደ ጽሕፈታቸው «ማስረጃ?» ብለው ጽፈውበታል።

ይኸው ጋሼ። ከላይ ያለው ሁሉ ማስረጃው ነው። ታትሟል። ቀኑንና የገጹን ቁጥር ጋዜጣው ራስጌ ላይ ያገኙታል።